የሳቀ ታርቋል

ጥቅምት 9

ለወንድሜ ልጅ፣ ለታላቋ፤

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ብቻም አይደለሁም፣ ጸሐፊ ሆኛለሁ። ይህን ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ማንም እጄን አልያዘኝም። እስከ ዛሬ ይጽፍልኝ የነበረው ባለሱቅ ሰላምታውን የሚያስረዝመው ከራሱ ቋት ነበር። ስለዚህ "ሌት ተቀን በናፍቆትሽ እነድዳለሁ" የሚለውን ለሱ መልሺለት። እኔ እናፍቅሻለሁ እንጂ አልነድም፤ ለመንደዱ ካውያዬ አለ።

የማታ ትምህርቱን ጨረስኩ። መምህሯ "ጽሑፍህ የዶሮ ጭረት ይመስላል" ብትለኝ "ዶሮዋ ግን የጫረችውን ታነባለች" አልኳት። ከክፍሉ አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛውም እኔ ነበርኩ፣ ለሰው ብዬ ለቀቅኩት እንጂ።

አሁን ወደ ዋናው ወሬ። ማንበብ በመቻሌ የመንገዳችን አስታራቂ አድርገው ሾሙኝ። አረንጓዴ ኮት ሰጡኝ፣ ቁልፎቹ ነሐስ ናቸው። ራሴ ተኩሼ ለብሼው ብወጣ ጎረቤቶቼ ባለሥልጣን መጣ ብለው ከመቀመጫቸው ተነሱ፤ እኔ መሆኔን ሲያውቁ መቀመጥ አፈሩ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ እርቅ ቤቱ በርትቷል፤ በዚህ ከተማ ተጣልቶ ማደር ክልክል ነው። የተጣሉት አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ አስታራቂው የእርቁን ቃል ያነብላቸዋል፤ ከዚያ ሁለቱም በምስክር ፊት ከሳቁ ደወል ይመታል፣ ጠቡ ተዘጋ። በሩ ላይም በትልቁ "የሳቀ ታርቋል" ተብሎ ተጽፏል፤ ያለ ማንም እርዳታ አንብቤዋለሁ። ሌሎቹ አስታራቂዎች ሰውን ለማሳቅ ምሳ ያልፋቸዋል። እኔ ጋ ቃሉ ሳያልቅ በሳቅ ይፈርሳሉ። በቀደም ሁለት ሴቶች በልብስ ማስጫ ገመድ ተጣልተው መጡ። "የኔ ነው" "የኔ ነው" ሲባባሉ "እንግዲያው ሁለታችሁም ውጡና ተሰጡበት፣ ቀድማ የደረቀች ትወስደዋለች" አልኳቸው። ደወሉን የሚመታው ጸሐፊ ራሱ ስቆ ደወሉን ሳተው።

የአባትሽ ስም ቅዳሜ ቅዳሜ እንደ ልማዱ በድምፅ ማጉያው ይጠራል። ያልተዘጋ ጠብ በአደባባይ እንዲነበብ ያወጡት ጠበኛውን ለማሳፈር ነው፤ እኛ ዘንድ ግን የሚያፍረው ተቆጣጣሪው ሆነ። "ቧንቧ ሠራተኛው የት ነው?" ይባላል። ተቆጣጣሪው ከወንበሩ ተነስቶ ሰው ሁሉ እያየው "ሥራ ላይ ነው" ይላል። ወንድሜን ለአንዲት ቧንቧ ብሎ ከቤቱ ከወሰደው ጊዜ ጀምሮ መልሱ ይኸው ነው።

ከተቆጣጣሪው ጋር ጠቡን የያዘችው እህትሽ ናት። አባትሽ ምስማር ያላት ወዶ አይደለም፤ መትተሽ ማስገባት እንጂ መንቀል የለም። ግን አሥራ ስድስት ሊሞላት ነው። ልጅ ጠብ ቢይዝ ያልፉታል። አሥራ ስድስት የሞላው ሰው ግን ተጠርቶ ካልሳቀ፣ በሦስተኛው ጨው ማምረቻ ይወርዳል። ከዚያ የተመለሰ አላየሁም፤ መንገዱ ቁልቁለት ስለሆነ ይሆናል። እሷ የምትለው "እወርዳለሁ" ነው። የጠቡ ባለቤት ጨው ውስጥ እስካለ ድረስ ጠቡ አይዘጋምና፣ የአባቴ ስም እንደተጠራ ይኖራል ባይ ናት።

ይህን የሚያደርስልሽ ሾፌሩ ነው፤ ፖስታ ቤቱ ከኔ የበረቱ አንባቢዎች አሉበት። በመልሱ መነጽር ላኪልኝ። ዓይኔ ደህና ነው፣ ግን አስታራቂ ያለ መነጽር አያምርበትም።

በርሽ ለክፉ አይከፈት፣ እጅሽ ሥራ አይጣ።

አጎትሽ ካውያው

ከታች፦ ካለው ግማሹን እመኚ። ደህና ነኝ። ምስማር።


ኅዳር 21

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። በእጅዎ የጻፉትን ለሥራ ባልደረቦቼ አሳየኋቸው። ፊደሉን ባያውቁትም "ሰውዬውን የሚያባርረው ሰው ነበር?" አሉኝ። አይቀየሙ፣ ኮርቼብዎት ነው ያሳየሁት።

ሥራዬ ያው አረጋውያን ማሳደሪያው ነው። አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አጎርሳለሁ። መስኮቱ ጥግ ያለችውን አንዲት ወንበር የሚሻሙ ሁለት አሮጊቶች አሉ፤ እኔ ሳልመጣ ጀምሮ ተኮራርፈዋል። የሚጠራቸው የለም። መጀመሪያ ሰሞን እፈራላቸው ነበር። አለቃዬን "መቼ ነው የሚያስታርቋቸው?" ብላት "ለምን?" አለችኝ። ያን ቀን ክፍሌ ገብቼ ብዙ አሰብኩ።

አጎቴ፣ ልለምንዎት ነው። አስታራቂው እርስዎ ሆነዋል። እንደምንም ብለው ምስማርን ከጨው ያስቀሩልኝ። አባታችንን ወስደውታል፤ እሷን መስጠት አልችልም። እንዴት እንዳደረጉት አይንገሩኝ፣ ብቻ ያስቀሩልኝ።

ከተቆጣጣሪው ጋር ከምትስቅ ጥርሷን ብታወልቅ እንደምትመርጥ አውቃለሁ። ድሮ ግን ሳቅ ይቀድማት ነበር። አባታችን የእርስዎን ልብስ ማጠቢያ ቤት ቧንቧ የሠራ ዕለት የሆነውን ሲያወራላት እንቅልፏ ድራሹ ይጠፋ ነበር። አሁንስ "አድራሻው ነው የተሳሳተው" ሲሏት ትስቃለች? እንዲያው ትዝ ብሎኝ ነው።

መነጽሩን ልኬያለሁ። ዕድሜ ይስጥልኝ።

የወንድምዎ ልጅ


ጥር 17

ለታላቋ፣ የአስታራቂዎች ሁሉ አውራ ከሆነው ከአጎትሽ፤

ሰላምታዬ እንደ ኮቴ ቁልፍ ያብረቅርቅልሽ። ይህን ቆመሽ እንዳታነቢው፣ ከደስታ ብዛት ትወድቂያለሽ። ምስማር ጨው አትወርድም።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። ልደቷ ባለፈ በማግስቱ ተጠራች። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ተቆጣጣሪው እኔው የተኮስኩለትን ኮት ለብሶ መጣ፤ የጠላት ልብስም ቢሆን ሥራ ሥራ ነው። እሷ ክንዷን አጣምራ ተቀመጠች። መነጽሬን አድርጌ ቃሉን አነበብኩ። አንድ ቦታ ብቻ ተደናቀፍኩ፣ ጥፋቱ የመብራቱ ነው። ከዚያ ስለ ተቆጣጣሪው ጢም አንድ ነገር ጣል አደረግኩ። ራሱ ተቆጣጣሪው ሳቀ። እሷ ወይ ፍንክች።

"ጋሼ፣ አትልፋ" አለችኝ።

"ልፋት አይደለም ልጄ፣ ሥራዬ ነው።"

"እንግዲያው ሥራህን ሥራ። እኔ ጨው አልፈራም።"

"የማትፈሪው ተመዝኖ ሲሸጥ ስላየሽው ነው" አልኳት። አዳራሹ ሳቀ፣ እሷ ጣሪያ ጣሪያውን አየች።

ሰው የእጁን ሙያ የሚያሳየው እንዲህ ባለው ቀን ነው። ወንድሜ ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን እንደ አሮጌ ቧንቧ ያንኳኳ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ኮቴን ሰብሰብ አድርጌ እንደሱ አንኳኳሁ። ትከሻዋ ሲደነግጥ አየሁ። በሱ ድምፅ፣ በሱ አጎታተት ጀመርኩ። ልብስ ቤቴ ውሃ ጠፋ፤ ወንድሜ ከጠዋት እስከ ከሰዓት ግድግዳ ሥር ተጋድሞ ሲፈታ ሲያስር ዋለ፤ "በል ክፈተው" አለኝ፤ ከፈትኩ፣ ጠብ የሚል የለም። ያኔ ከጎረቤት ጩኸት ተሰማ። ስንሮጥ ሴትዮዋ አልጋዋ ላይ ቆማለች፣ ውሃው በግድግዳው በኩል ይፈልቃል። ወንድሜ መፍቻውን ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተና "እህ… እህ… ውሃው መጥቷል፤ አድራሻው ነው የተሳሳተው" አለ።

መጀመሪያ በአፍንጫዋ አመለጣት። አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ሳቅ ግን ውሃ ነው፣ በዚህ ሲይዙት በዚያ ይወጣል። ድምፅ አውጥታ ሳቀች፣ ልክ ያኔ ልጅ ሆና እንደምትስቀው። ተቆጣጣሪው ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። ጸሐፊው ደወሉን መታ፣ በዚህ ጊዜ አልሳተውም።

ሰዉ ተሸክሞኝ ሊወጣ ምንም አልቀረው። ምስማር የኮቴን ቁልፍ አንድ በአንድ ስታይ ቆየችና ምንም ሳትል ወጣች። ደስታ ይሆናል። ደስታ አንዳንዴ አፍ ይይዛል።

ለኮቱ የሚስማማ ክራቫት ካገኘሽ አትርሺኝ። የጠየቅሽኝን ፈጽሜያለሁ።

አጎትሽ ካውያው


የካቲት 26

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፤

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ አለቀስኩ። ከደስታ ነው ብዬ ነበር። ደግሜ ሳነበው ግን ሁለት ነገር አጣሁ።

ምስማር ከታች አልጻፈችም። ሁልጊዜ ትጽፍ ነበር።

ስለ ቅዳሜም ምንም አላሉም። ቅዳሜስ?

ክራቫቱን ልኬያለሁ።

የወንድምዎ ልጅ


ሚያዝያ 28

ለታላቋ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። የዘገየሁት የሾፌሩ መኪና ተበላሽቶ ነው። መኪናው አልተበላሸም። ሾፌሩ ሁለት ጊዜ ሲያልፍ ልብስ ቤት ውስጥ ካውያዬን ይዤ ቁጭ ብዬ ነበር።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ኮቴንና መነጽሬን አድርጌ ሄድኩ። ከኛ በፊት ያለውን ጠብ ጠሩ። ከኛ በኋላ ያለውን ጠሩ። መሐል ላይ ድምፅ ማጉያው ትንሽ ተንፈስ ያለ መሰለኝ፣ እሱም ለኔ ይሆናል። ተቆጣጣሪው ከወንበሩ አልተነሳም። ጠብ ከሌለ የጠፋ ሰው የለም። ይህን አላወቅኩም ነበር ብልሽ ውሸት ነው፤ እዚህ ከተማ ጡት ያልጣለ ሕፃን ያውቀዋል። እኔ ያልኩት፣ ስም አይርበው አይጠማው፣ ልጅቷ ግን ሥጋና አጥንት ናት ነው። እስቲ አንቺ በኔ ቦታ ሆነሽ አስቢው።

ምስማር ፍራሿን ይዛ ወደ ልብስ ማስቀመጫው ክፍል ገብታለች። ከሥራ ስገባ ምግቤ ተከድኖ አገኘዋለሁ፤ እሷን አላገኛትም። ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቃኛለች። "የአባቴን ድምፅ ማን አበደረህ?" አለችኝ። እኔም "ወለዱን ከፍዬ እመልሳለሁ" አልኳት። ከአፌ ሳይወጣ ቢቀር ምን ነበረበት። እሱን ካልኳት ወዲህ ዓይኗን ወደኔ አላዞረችም።

ደግሞም አትርሺ። "ያስቀሩልኝ" ያልሽው አንቺ ነሽ። "እንዴት እንዳደረጉት አይንገሩኝ" ያልሽውም አንቺ ነሽ። ወሬውን ያስታወስሽኝም አንቺ ነሽ፤ እኔማ ረስቼው ነበር።

አጎትሽ


ግንቦት 19

ለአንተ፤

ሰላምታ የለኝም።

ድምፁን የሰጠሁህ እኔ ነኝ፣ አውቄዋለሁ። ከእንቅልፍ በፊት የነበረንን አንዲት ነገር ጻፍኩልህ፣ አንተ ተኩሰህ አጥፈህ ለተቆጣጣሪው ሰጠኸው። "ያስቀሩልኝ" ማለቴን የት እንደምጥለው አላውቅም፤ ስበላም ስተኛም ከኔ ጋር ነው። ግን እኔ ሩቅ ሆኜ ነው የለመንኩት። አንተ ፊቷን እያየህ ነው ያደረግከው። ትከሻዋ ሲደነግጥ አየሁ ብለህ ጽፈሃል። አይተህ ቀጠልክ።

አባታችን ሞቶም ከሆነ ሰው በየሳምንቱ ይጠይቀው ነበር። ያ ሰውዬ በየሳምንቱ ቆሞ ይዋሽ ነበር። አሁን አርፎ ተቀመጠ። ጥርስ ባዳ ነው ይላሉ። የሷን ጥርስ ባዳ ያደረገባት ግን የሥጋ ዘመዷ ነው።

ካወራሁልህ አሮጊቶች አንዷ ሞተች። ሌላዋ ወንበሯ ላይ ትቀመጣለች ብለን ስንጠብቅ ወደ ወንበሯ አልቀረበችም። እየሰደበቻት ታለቅሳለች። አልታረቀቻትም። ማንም መጥቶ አላሳቃትም።

መነጽሩን አድርግና ራስህን እየው። ከእንግዲህ አትጻፍልኝ።


ሰኔ 30

ለታላቋ፤

አትጻፍልኝ ብለሻል። መጻፍ የተማርኩት በስተርጅና ነው፣ ማቆሙን አላስተማሩኝም።

"አንተ" ብለሽኛል። አትመልሺው፣ ልኬ ነው።

ኮቱን አጠብኩ፣ ተኮስኩ፣ አጥፌ ለእርቅ ቤቱ አስረከብኩ። አስታራቂ ጠብ ሊኖረው አይፈቀድም፤ ኮቱን ያወለቀ ግን እንደማንኛውም ሰው ነው። ምስማር የታረቀችው በልጅነት ድርሻዋ ነው። ወንድምም የራሱ ድርሻ አለው፤ እኔ ድርሻዬን ጠይቄ አላውቅም ነበር። የምፈራውን ፈርቼ፣ በዚያ ላይ ደግሞ ኮቱ አምሮኝ። ሄጄ ጠየቅኩ። ጸሐፊው ቀና ብሎ "ካውያው፣ ቀልድህን ነው?" አለኝ። "ስትስቅ አላየሁህም" አልኩት። ጻፈኝ።

እንግዲህ ሦስት ጊዜ እጠራለሁ። ካልሳቅኩ ጨው ነው። ጨው ውስጥ እስካለሁ ደግሞ ጠቡ ክፍት ነው፣ ስሙ ይጠራል። ሂሳቡ እንደ ሱሪ መስመር ቀጥ ያለ ነው። አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፤ ሳቂው እኔ ነኝ። እኔ ዝንብ ስታስነጥስ የምስቅ ሰው ነኝ። በቀብር ላይ ስቄ ተባርሬያለሁ። በቦታዬ የሾሙት ደግሞ ፀጉር አስተካካዩን ነው፤ ሰው አንገት ላይ ምላጭ ይዞ እንኳ ያስቃል።

ስለዚህ ልመና አለኝ። መነጽርም ክራቫትም አልፈልግም። የማያስቅ ነገር ላኪልኝ። አንድ ይበቃል፣ ግን ጠንካራ ይሁን።

ምስማር ሰምታለች።

ካውያው


ሐምሌ 24

የወሰዱት ዕለት አንተ አልነበርክም። ተቆጣጣሪው በሩ ላይ ቆሞ "አንዲት ቧንቧ ናት፣ ትንሽ ታፈሳለች" አለው። አባታችን የዕቃ ቦርሳውን አየው። ትልቋን መፍቻ አነሳና መልሶ አስቀመጣት። ትንሿን ብቻ ኪሱ ከተተ። "በሩን አትዝጉት" ብሎ ወጣ።

የሚቆይ ሰው ትልቋን ይይዝ ነበር።

ቦርሳው ከበሩ ኋላ አለ፤ ምስማር አታስነካውም። ስትስቅ ትንሿን መፍቻ አስብ።

ከዚህ ሌላ የምልክልህ የለኝም።


መስከረም 30

ለታላቋ፤

ሰላም ብዬ ልጀምር ነበር፣ ግን የምጽፍልሽ የተጣላ ሰው ሆኜ ነው። እንደምን አለሽ ብቻ ልበል።

የመጀመሪያውን ጥሪ ትንሿን መፍቻ በሐሳቤ ይዤ አለፍኩ። ሁለተኛውንም። ፀጉር አስተካካዩ ላቡ እስኪወርድ ቀለደ፣ ተቆጣጣሪው ከማለዳው ጀምሮ አፉን ከፍቶ ጠበቀ፤ እኔ እንደታጠፈ አንሶላ ተቀመጥኩ።

በሦስተኛው ያንኑ ወሬ ይዞ መጣ። ከተማው ሁሉ ያውቀዋል አሉ፣ ልጆች መንገድ ላይ ይጫወቱታል፤ እንዲህ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሰውዬው ወንድሜን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። እኔ የሠራሁትን ወንድሜን ነው የሠራው። ጉሮሮውን ሲያንኳኳ ቅንጣት አይመስለውም፤ ባለመምሰሉም ሳቄ መጣ። ወንድሜ ቢኖር በዚህ ሰውዬ እንዴት እንደሚስቅ አሰብኩ፣ እሱ አባሰው። መፍቻዋን አሰብኩ፣ መፍቻዋ አመለጠችኝ። "ውሃው መጥቷል" ሲል ከንፈሬ መንቀሳቀስ ጀመረ። ተቆጣጣሪው ቀድሞ ሳቀ። ጸሐፊው እጁን ወደ ደወሉ ዘረጋ።

ዘመድ ከአግዳሚው ኋላ ይቆማል። ማን ከኋላዬ እንደቆመ አላየሁም ነበር። ምስማር ጎኔን ቆነጠጠችኝ። በጥፍሯ ይዛ፣ ሥጋውን አዙራ፣ አልለቀቀችም። እንባዬ ዱብ አለ። ጸሐፊው "እንባ ይቆጠራል?" ብሎ ጎረቤቱን ጠየቀ። አይቆጠርም። ጸሐፊው ወደ ደወሉ የዘረጋውን እጅ መለሰ።

ቅዳሜ ስሙ ተጠራ። "ቧንቧ ሠራተኛው የት ነው?" ተባለ። ተቆጣጣሪው ተነሳ። ኮቱ ተጨማዷል፤ ማን ይተኩስለት። "ሥራ ላይ ነው" አለ። ውሸት ስሰማ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የጨው መኪናው ሰኞ ይመጣል። ካውያውን ለምስማር ትቼላታለሁ፤ ሙቀቱን በምራቋ መሞከር እንዳትረሳ ንገሪያት፣ ከኔ አትሰማም። ከተማው የሚቀልድለት ሰው በማጣቱ አዝኛለሁ፤ ለራሴ አይደለም፣ ለከተማው ነው። ፈርቻለሁ። ይህን ቃል ስጽፍ አልተደናቀፍኩም።

እንደ ሽማግሌ መርቄሽ ልውጣ። ከተቆጣጣሪው አያስታርቅሽ። ከኔም ቢሆን ተቻኩሎ አያስታርቅሽ።

አጎትሽ፣ ጠበኛው

ከታች፦ አልታረቅኩትም። ትልቋን መፍቻ ሻንጣው ውስጥ ከትቼለታለሁ። ምስማር።